ቅስናቸውን የተዉ፣ ቅስናቸውን ይዘው የቀሩ

ጄኒፈር ፌራራ እና ፓትሪሺያ ሶዳኖ አየርላንድ በአሜሪካ የሉተራን ቄሶች ነበሩ። ሁለቱም ማዕረጋቸውን ትተው ካቶሊክ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ወደ ካቶሊክ የገቡ 14 ሴቶች ታሪካቸውን የሚናገሩበት መጽሐፍ አዘጋጅተው አሳተሙ። በአንግሊካኗ የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረችው ሊንዳ ፖይንዴክስተርም ያንኑ መንገድ ሄዳለች። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። የከፈሉት ዋጋ ግን ከወንዶቹ ይከብዳል። የአሜሪካ አንግሊካን ወንድ ቄስ ወደ ሮም ሲሻገር፣ ባለትዳርም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እንደገና ክህነት የሚቀበልበት መንገድ ተከፍቶለታል። ሴቷ የምትገባው ምእመን ሆና ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ቤተ ክርስቲያን ለሴት ክህነት የመስጠት ሥልጣን የላትም ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። ኦርቶዶክሳውያንም ከዚህ የተለየ አይሉም።

ለምን ሄዱ? ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምክንያት የክህነቱ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የቅዱሳት መጻሕፍት ሥልጣን፣ የምሥጢራት ክብር፣ የጋብቻ ትምህርት አብረው ይነሣሉ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1958 የሴቶችን ቅስና ፈቀደች፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ሉተራኖች በ1970 ተከተሉ። በ2009 እነዚሁ ሁለት ወገኖች በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ላይ የቆየውን ትምህርት ለወጡ፤ ስዊድኖቹ እንዲህ ያለውን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን እስከ መፈጸም ደረሱ። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ሁለቱን ነገሮች በአንድ ገመድ ያስራቸዋል፦ ሴት ቄስ ያለችበት ቤተ ክርስቲያን ውሎ አድሮ ሁሉንም ይለቃል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የላትቪያ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የሴቶችን ቅስና በሕጓ ስትዘጋ ይህ አስተሳሰብ ይበልጥ ተጠናከረ።

የእኛ አገር ታሪክ ግን ይህን ገመድ ይፈታዋል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ከጀርባዋ የስዊድን፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የአሜሪካ ሚሲዮኖች ነበሩ። ሴቶች ግን ከዚያ ቀድመው በሥራው ነበሩ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ለቅስናው ደጅ የተጠናው ግን ረጅም ጊዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሴቶችን ቅስና የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ የሾመችው በ2000 ነው። ከዚያ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ ጠቅላላ ጉባኤዋ በጋብቻ ትምህርት ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራት ኅብረት እንዲቋረጥ ወሰነ።

ወሎዬ አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ወሎ የመጣው የአሜሪካ ሉተራን ሚሲዮን ነበር። የሚሲዮኑ እናት ቤተ ክርስቲያን በ1988 ከሌሎች ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ሆነች። እንግዲህ የተቆረጠው ኅብረት ለዚህ አገር የባዕድ ወሬ አልነበረም። ሴት ቄሶቹም ማዕረጋቸውን እንደ ያዙ ለዘብተኛውን ወገን ከተለየች ቤተ ክርስቲያን ጋር ቆሙ። በእኔ ግምት ትልቁ ነገር ይህ ነው። አሜሪካዊቷ ቄስ ወግ አጥባቂውን ክርስትና ለማግኘት ልብሰ ክህነቷን ማውለቅ ነበረባት፤ ኢትዮጵያዊቷ ለብሳው አደረች። በእርግጥ ይህ ቦታ ያለ ስጋት የሚቆሙበት አይደለም። መካነ ኢየሱስ በአሜሪካ ከምትቀራረባቸው መካከል የሚዙሪ ሲኖዶስ ሉተራኖች ሴትን አይሾሙም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተችው የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጋብቻ ጉዳይ አጥባቂ ሆና ሴቶችን ትሾማለች። አዲስ ወዳጅ ሲመረጥ የሴት ቄሶቹ ጉዳይ ከጠረጴዛው አይወርድም።

በዚሁ በወሎ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጎብዬ «ሴት ቄስ» ቢባል ብዙው ሰው ግር ይለዋል። የራያ ቆላ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ጎረቤታሞች የኖሩበት አገር ነው። ነገር ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴውን ቦታ የሚያይ ሰው ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንዳለ አይጠፋውም። ተረኛዋ ዳቦዋን በመሶብ፣ ጠላዋን በእንስራ ይዛ ትመጣለች፤ ቄሱ ይባርካል፣ እርሷ ታድላለች። ባሏ የሞተባት እናት ቆብ ደፍታ እማሆይ ስትባል ደግሞ የሰፈሩ ሰው ይታረቅ ዘንድ እግሯ ሥር ይወድቃል። ክህነት የላትም፤ ቃሏ ግን ይሰማል።

ይህ ክብር ከመጽሐፍም ከታሪክም የመጣ ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ የዐፄ ሱስንዮስን ባለሟል መልክአ ክርስቶስን አገባች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብልና የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ በግዞት ተንከራተተች፤ በጣና ዙሪያ ወንድም ሴትም የተሰበሰበባቸውን ማኅበራት መራች። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልስ እርሷ በሕይወት ነበረች። በቅርቡ ዘመንም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ዘርፋ፣ ለወንድ ተማሪዎች ቅኔ አስተምራለች።

ይህን ማለቴ የሹመቱ ጥያቄ ትርጉም የለውም ለማለት አይደለም። የተሾመችው ሴት ሙሽራ ታጋባለች፣ ታጠምቃለች፣ ቁርባን ታቀብላለች፤ እማሆይ አታደርገውም። ነገር ግን አንዲትን ሴት ወግ አጥባቂ ወይም ለዘብተኛ ብሎ ለመፈረጅ ማዕረጓን ብቻ ማየት ስሕተት ነው። በመካነ ኢየሱስ የመጀመሪያዎቹ ሴት ቄሶች ከተሾሙ ሩብ ምዕት ዓመት አልፏል፤ የ2005ቱን ውሳኔም በዓይናቸው አይተዋል። የነገረ መለኮት ኮሌጆቻችንና ጸሐፊዎቻችን፣ እነዚህ እናቶች በሕይወት እያሉ ቃላቸውን ቅረጹ፤ አትሙትም።