«30 ሰራሁ» ያለው ልጅ ስንት ሰራ?

ልምምድ ጠዋት 12፡30 ተብሎ 1 ሰዓት ላይ እየሮጠ የሚደርስ ተጫዋች የሚጠብቀውን ያውቀዋል። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየት አድርጎ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «30!» ልጁ ቦርሳውን ወርውሮ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ጓደኞቹ ከበው እየሳቁ ይቆጥሩለታል። እስከ 8 ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ወገቡ ይረግባል፣ ክርኑ ገና መታጠፍ ሲጀምር ይመለሳል፣ ከ20 በኋላማ የሚወርደው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። 30 ሲባል ብድግ ብሎ ደረቱን ይነፋል። ጃን ሜዳም ይሁን የሰፈር ሜዳ፣ ይህን ትርኢት ያላየ የኳስ ሰው ብዙም አይገኝም። የመስመር ዳኛ ቢኖር ኖሮ ከ30ው 20ው ኦፍሳይድ ተብሎ ይሻር ነበር።

ነገሩ የማጭበርበር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ተስቆበት ይታለፋል። ግን እጅ ያለቦታው ተቀምጦ፣ ክርን ወደ ጎን ተበልጥጦ በየቀኑ የሚሰራ ፑሽ አፕ ጡንቻ ሳይሰጥ ትከሻ ሊያሳጣ ይችላል። ተጫዋቹ በረኛ ከሆነ ደግሞ እንጀራው ያለው እዚያው ትከሻው ላይ ነው። ተሻጋሪ ኳስ ለመያዝ እጁን ወደ ላይ ሲሰድ ትከሻውን የሚወጋው በረኛ፣ ቁመቱ 1.90 ሜትር ቢሆንስ ምን ይጠቅመዋል?

ስህተቱ የሚጀምረው ከመዳፍ ነው። አብዛኛው ሰው እጁን የሚያስቀምጠው ከጆሮው ትይዩና በጣም አስፍቶ ነው። እንዲህ ሲሆን ክርን ከትከሻ እኩል ወደ ጎን ይወጣል፤ ከላይ የሚያይ ሰው «ቲ» የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል ያያል ማለት ነው። በዚያ አቋም የላይኛው ክንድ አጥንት ትከሻ ውስጥ ያሉትን ጅማቶች ይጫናቸዋል። ትክክለኛው ቦታ ከደረት ትይዩ ነው፤ የሁለቱ እጆች ስፋት ከትከሻ እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ጣቶች ተከፍተው ወደ ፊት ያያሉ፣ መዳፍ በሙሉ መሬት ይይዛል እንጂ ክብደቱ የመዳፍ ሥር ላይ ብቻ አይጣልም። ሲወረድ ክርን ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ከጎድን ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይበቃል። አሁን ከላይ ሲታይ የቀስት ጫፍ ይመስላል። ከተረከዝ እስከ ራስ ያለው ሰውነት ደግሞ እንደ ጎል ቋሚ ቀጥ ይበል፤ ሆድና መቀመጫ ጠበቅ ካላሉ ወገብ መርገቡ አይቀርም።

«እጅ ሲሰፋ ደረት ይሰፋል» የሚለው የጂም ወሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ በ40 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ተቃራኒውን ነው ያሳየው። ጡንቻዎቹ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲታዩ፣ እጅን አጥብቦ የተሰራው ፑሽ አፕ የደረትንም ሆነ የክንድን የኋላ ጡንቻ አስፍቶ ከተሰራው የበለጠ አሠርቷል። ይህን ያነበበ ሁሉ ግን ነገ ሁለት እጁን አጋጥሞ አይጀምር፤ ያ አቀማመጥ በእጅ አንጓና በክርን ላይ ይከብዳል። አንጓውን የሚያመው ሰው ለስላሳ ነገር አንጥፎ በጡጫው ቢሰራ አንጓው ሳይታጠፍ ይቀርለታል።

የቆጠራው ጭቅጭቅ የኛ ሜዳ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ከ1980 ጀምሮ ወታደሮቹን በ2 ደቂቃ ፑሽ አፕ ሲፈትን ኖሯል። መስፈርቱ የላይኛው ክንድ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን መውረድ ነበር፤ ያንን የሚፈርደው የፈታኙ ዓይን ነው። በ2022 በጸደቀው ፈተና ግን ወታደሩ ደረቱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ እጆቹን ከመሬት አንስቶና ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መልሶ አስቀምጦ ነው የሚገፋው። የእጅ ቦታም በደንብ ታስሯል፤ ሌባ ጣት ከትከሻ የውጭ ጠርዝ አልፎ መቀመጥ የለበትም። በ2025 የፈተናው ስም ሲለወጥም ይኸው ፑሽ አፕ አብሮ ቀጥሏል። ግማሽ መንገድ ወርዶ የሚመለስ ሰው እዚህ መደበቂያ የለውም።

ሌላው ክብደቱ ነው። አንድ ሰው ፑሽ አፕ ሲሰራ ላይ ሆኖ ከሰውነቱ ክብደት 69 በመቶ ያህሉን፣ ታች ሲደርስ ደግሞ 75 በመቶ ያህሉን በእጁ ይሸከማል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ተጫዋች ይህ ከ48 እስከ 52 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ማለት ነው። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሰራ ወደ 54 እና 62 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጉልበትን ማስነካት የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ጭነት መቀነስ ነው። ጀማሪ ሰው የመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ ቢጀምርም ያው ነው፤ የጠነከረው ደግሞ በተቃራኒው እግሩን ደረጃው ላይ ይስቀል።

ኳስ ተጫዋች በእጁ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ተከላካይ ከኋላ ሲጫነው ኳሷን የሚሸፍነው በምኑ ነው? የእጅ ውርወራስ? እዚህ ላይ ግን ማጋነን አያስፈልግም። ለስቶክ ሲቲ ሲጫወት በውርወራው የፕሪሚየር ሊግ ተከላካዮችን ያስጨነቀው ሮሪ ዴላፕ በልጅነቱ ጦር ወርዋሪ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ውርወራ በፑሽ አፕ ብቻ አይገኝም። ፑሽ አፕ የሚያጠነክረው የፊት ለፊቱን ነው፣ የጀርባው ጡንቻ ከኋላ እንዳይቀር ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብም ይጨመርበት።

ኳስን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁት የ40 ዓመት ደጋፊዎችም ይህን ይስሙ። በ2019 በወጣ ጥናት 1,104 ወንድ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለ10 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው፣ ከ40 በላይ ፑሽ አፕ የሰሩት 10 እንኳ ካልሞሉት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ96 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፑሽ አፑ ራሱ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ የሰውየውን አጠቃላይ ብቃት የሚያሳይ ምልክት ነው። ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሰሩት በደቂቃ 80 ጊዜ በሚመታ መሣሪያ ምት ነው፣ 3 ምት ያመለጠው ቆጠራው ይቆምበታል።

አሰልጣኙም ቢሆን 30 ብሎ ፊቱን ከሚያዞር 15 ብሎ ቆሞ ቢያይ ይሻላል። ለቅጣት የሚሰራ ሰው ሐሳቡ መጨረሱ ላይ ነውና ይጣደፋል። ቆጣሪው ጓደኛም ከራሱ በላይ ቆሞ ከሚስቅ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ክርኑንና ወገቡን ይመልከት፤ ደረቱ ከመሬት አንድ ጡጫ እስኪቀረው ካልወረደ «አልተቆጠረም» ይበለው። ዘግይቶ የመጣው ልጅ በዚህ ቆጠራ 11 ወይም 12 ላይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀሪዋን በጉልበቱ ይጨርሳት።