ምልክቱ የት ሄደ?

አንዲት አዲስ ገቢ እናት ኢየሩሳሌም ውስጥ ቀጠሮ ነበራቸው። ቦታውን ሲጠይቁ «ኪካር ሐማሽቢር ነው» ተባሉ። ሐማሽቢር የተባለውን ትልቅ መደብር ፈልገው አገኙ፤ ቀጠሮው ግን እዚያ አልነበረም። ሲመለሱ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። መደብሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ስሙ በድሮው አደባባይ ቀርቷል።

በሀገራችን «ወንዙን ተሻገር፣ ከዋርካው ስትደርስ ታጠፍ» ይባል ነበር። ወንዙም ዋርካውም ከቦታቸው አይነቃነቁም። የከተማ ምልክት ግን ይለወጣል። ይህ አደባባይ የሚገኘው ኪንግ ጆርጅና ቤን ዬሁዳ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ታሪኩን በፈረንጅ አቆጣጠር እንመልከት።

በ1868 ጀርመኖች በዚህ ቦታ «ጣሊታ ኩሚ» የተባለ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሠሩ። በ1924፣ በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን፣ ኪንግ ጆርጅ መንገድ በንጉሣቸው ስም ተሰየመ። ትምህርት ቤቱ በ1980 ፈረሰ። በሩና ሰዓቱ ለመታሰቢያ ስለተተዉ ዛሬም ቆመው ታዩአቸዋላችሁ። በስፍራው ሐማሽቢር ተከፈተ። ቤን ዬሁዳም ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ መንገድ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሐማሽቢር ቁልቁል ወደ ጽዮን አደባባይ፣ ወደ ያፎ መንገድ ዳር ተዛወረ።

ያፎ መንገድም ተለውጧል። ቀድሞ መኪናና አውቶቡስ ይጋፉበት ነበር። በ2011 ቀላሉ ባቡር፣ ራኬቬት ካላ፣ ሥራ ሲጀምር መሐል ከተማው ላይ መንገዱ ለባቡርና ለእግረኛ ተለቀቀ። ስለዚህ «ያፎ መንገድ ላይ በአውቶቡስ ውረዱ» የሚል የድሮ ምክር ዛሬ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ለማዕዘኑ የሚቀርበው የባቡር ፌርማታ «ያፎ መርካዝ» ይባላል። ከባቡሩ ነጂ ቲኬት አይገዛም፤ እንደገባችሁ የራቭ ካቭ ካርዳችሁን መሣሪያው ላይ አስነኩ። ይህን የረሳ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይቀጣል።

ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና የቅርቡን ፌርማታ ስም። «ከእገሌ ሱቅ አጠገብ» ካሏችሁ «ሱቁ ዛሬም አለ ወይ?» በሉ። መልሱን በዕብራይስጥ ያጽፉላችሁ፤ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሰው ማሳየት ይበቃል። ልጆቻችሁ ቶሎ ማንበብ ይለምዳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አብረዋችሁ አይሆኑም። ወረቀቱ በእናንተ ኪስ ይሁን።