ኮአርተም ለምን ስድስት ጊዜ ይዋጣል?

ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ላብ ያልበውና ትኩሳቱ ይለቀዋል። «ድኛለሁ» ብሎ የቀረውን ፍሬ ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። በሽታው የሚያገረሸው እዚህ ላይ ነው።

በአንዱ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር ፈጣን ነው። በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ በብዛት ገድሎ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሉሜፋንትሪን ዝግ ይላል፤ ለቀናት ይቆይና የተረፈውን ይለቅማል። ስለዚህ ትኩሳቱ ቢለቅም ተውሳኩ አልቋል ማለት አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ተራብቶ ለመውጣት 48 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መድኃኒቱ ሦስት ቀን የሚወሰደውም ከአንዱ ዙር ያመለጠው በቀጣዩ እንዲያዝ ነው።

ክብደቱ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በድምሩ 24 ፍሬ ይውጣል። የልጆች መጠን በክብደት ስለሚለያይ ልጁ ይመዘን፤ በግምት አይሰጥ። ሁለተኛው መጠን የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የጀመረ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት የጀመረ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይደግማል። በቀሩት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ ይወሰዳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ምግቡን ነው። ሉሜፋንትሪን በውኃ ስለማይሟሟ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚገባው 16 እጥፍ ያህል ወደ ደም ገብቷል። ሕመምተኛው ምግብ ቢያስጠላውም አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም ቅቤ ያለው ገንፎ ይቅመስ። በጾም ቀን በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም ኦቾሎኒ ይሆናል።

መድኃኒቱን በዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስታወከ ሰው ያንኑ መጠን ይድገም፤ የጎደለውንም ፍሬ ከጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ግን ቤት መቆየት የለበትም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ከታዘዘልዎት መድኃኒት ለጎረቤት አያካፍሉ፣ ለከርሞም አያስተርፉ። ሁሉንም ፍሬ በሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር ይጨርሱ።