ከድምፅ በፊት የሚቀድመው መዝገብ፦ ነዋሪነትና የመራጭ መብት በአስኮ

አስኮ የአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ የሚወጣበት የምዕራብ ዳርቻ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚገኘውና ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለው ቡራዩ በኦሮሚያ ክልል የሚተዳደር በመሆኑ፣ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው፣ በአንድ ገበያ ሸምተው፣ በአንድ ደብር ታቦት አንግሠው የሚውሉ ሰዎች የምርጫ ቀን በደረሰ ጊዜ ለሁለት ልዩ ልዩ ምክር ቤቶች እንደራሴ የሚመርጡ ሆነው ይገኛሉ። አስኮ የተመዘገበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ይመርጣል፤ ቡራዩ የተመዘገበው ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ። ስለዚህ ቀን አስኮ ሠርቶ ማታ ቡራዩ የሚያድር ሰው፣ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የሚመላለስበትን መንገድ በሚያስተዳድረው ምክር ቤት ላይ ድምፅ የለውም፤ ሕግ የሚጠይቀው የሚውልበትን ሳይሆን የሚኖርበትን ነውና።

ይህ መራጭነትን ከነዋሪነት ጋር ያስተሳሰረ ሥርዓት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ እንደራሴዎቹን ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ስለ ደነገገ፣ ተራው ሰው የሚመዘገብበት ምክንያት አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም ሳይል፣ የመምረጥን መብት ሲሰጥ፣ መብቱን ያሰረው ሰውየው ዘወትር ከሚኖርበት የምርጫ ወረዳ ጋር ነበር። በዚሁ ሕግ መሠረት በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ምክር ቤት ገቡ። የደርግ ዘመን የራሱን ሸንጎ አቁሞ አለፈ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጫውን ዕድሜ 18 አድርጎ፣ በዘር፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትም ሆነ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ሳይደረግ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ እንዲመርጥና እንዲመረጥ፣ ድምፁም በምስጢር እንዲሰጥ ደነገገ።

የመብቱ አፈጻጸም የተዘረዘረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። ኢትዮጵያዊነት፣ ዕድሜ፣ በምርጫ ክልሉም ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር፦ መሠረቱ ይህ ነው። የውጭ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በተሰጠው መታወቂያ አገሩ ገብቶ ቢሠራና ንብረት ቢያፈራም፣ አይመርጥም፣ አይመረጥምም። ብዙ ሰው ዛሬ የያዘው የፋይዳ መታወቂያም ማንነትን ለማረጋገጥ የወጣ እንጂ የዜግነት ማስረጃ ተደርጎ የተሰጠ አይደለምና፣ ፋይዳ አለኝ ብሎ ሌላውን ሰነድ ችላ ማለት አይበጅም።

በአስኮ ከሦስቱ መሠረቶች ችግር የሚያመጣው ስድስት ወሩ ነው። ከመሐል ከተማ ቤቱ በልማት ፈርሶበት ወደ ዳርቻው የመጣ አባወራ፣ በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከዘመድ ቤት የተጠጋ ወጣት፣ ሁሉም በአካል አስኮ እየኖሩ በወረቀት ሌላ ቦታ ያሉ ናቸው። መዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ሲቀርቡ መታወቂያው የሚያሳየው የቀድሞውን ወረዳ ነው፤ የቤት ቁጥር ሲጠየቁ የአከራያቸውን እንጂ የራሳቸውን አያውቁም፤ አከራዩም የግብር ነገር ይከተለኛል ብሎ እዚህ ይኖራሉ የሚል ቃል ለመስጠት ያመነታል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ወረዳው ሄደህ መሸኛ አምጣ ሲባል የሥራ ቀኑ ይቃጠልበታል፤ በማግስቱም አይመለስም። በእኔ አስተያየት የመምረጥ መብት በብዛት የሚጠፋው በኮሮጆው ዘንድ ሳይሆን ከዚህ ጠረጴዛ ፊት ነው። ሕጉ ግን ሰነድ ለሌለው ሰው ማንነቱና ነዋሪነቱ በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት የሚረጋገጥበትን መንገድ አልዘጋም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ዓ.ም. ወጥቶ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ካስገደደ ወዲህ ደግሞ፣ ተከራዩ ኑሮውን የሚያስረዳበት አንድ ወረቀት በእጁ ሊገባ ይችላል። ይህን ውል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

መመዝገብ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚፈጽመው ተግባር ስለሆነ ባል ለሚስቱ፣ አባት ለልጁ ሊመዘገብ አይችልም፤ ክፍያም የለበትም። ለምርጫ ጣቢያነትም የፖሊስ ጣቢያ፣ የጦር ካምፕ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የመጠጥ ቤት ወይም የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሊሆን አይገባም፤ ይህም መራጩ ማንንም ሳይፈራና ማንንም ሳያፍር እንዲገባ የታሰበ ነው። ያለ በቂ ምክንያት አትመዘገብም የተባለ ሰው ከቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት አቤት የማለት መብት አለው።

የሕዝቡን መቀዝቀዝ አላቃልለውም፤ ምክንያት አለውና። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የከተማይቱን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ለተቃዋሚው ቅንጅት ከሰጠ በኋላ የተከተለውን ደምና እስራት አይቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የምክር ቤቱ 547 ወንበሮች በሙሉ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ሲያዙ ተመልክቷል። በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ምዝገባ በዝግታ ሲጓዝ ቆይቶ ጊዜው የተራዘመው፣ ከጣቢያዎች ዘግይቶ መከፈት ሌላ፣ ይህም ትዝታ ተጭኖት ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ሰኔ 14 ቀን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በአገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ነበር። ቅሬታ ያለው ዜጋ ከመዝገብ ሲቀር ግን ቅሬታው የትም አይጻፍም፤ መዝገቡም በተደራጁትና በተጠሩት ሰዎች ስም ብቻ ይሞላል።

የመራጮች ዝርዝር ከምዝገባ በኋላ ለሕዝብ ዕይታ የሚቀርበው፣ የቀረ ስም እንዲገባ፣ የማይገባው እንዲሠረዝ፣ የሞተ ሰው ስም እንዲወጣ ነው፤ ይህን የሚያደርገውም ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ የአስኮ ተከራይ ሆይ፣ ምዝገባ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ውልህንና መታወቂያህን ይዘህ ሂድ፤ ዝርዝሩም ሲለጠፍ ስምህን በዓይንህ አንብብ፣ ከሌለም በዚያው ዕለት አቤቱታህን በጽሑፍ አቅርብ። የወረዳ ሹምም ብትሆን፣ ስድስት ወር የኖረውን ሰው በመሸኛ ሰበብ አትመልሰው።