ቪትዝ አርኤስ ወይስ ስዊፍት ስፖርት? ለደጋው መንገድ ፈጣን ትንሽ መኪና አመራረጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ መኪና መግዛት ለሚያስብ ሰው ያለው ምርጫ ጠብቧል። አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሌላው ቀደም ሲል ገብቶ በአገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ያገለገለ መኪና ነው። በዚህ ሁለተኛው ገበያ ዋጋው የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በስምና በመልክ ብቻ ተስቦ የሚገዛ መኪና ቤተሰብን ለረጅም ጊዜ ዕዳ ውስጥ ሊጥል ይችላል።

ትንሽ፣ ኋላዋ በሩን ከፍ አድርጎ የሚከፈት፣ ሆኖም ከተራ አቻዋ ፈጠን የምትል መኪና ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሡት ሁለት የጃፓን ስሞች ናቸው፤ የቶዮታ ቪትዝ አርኤስ እና የሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት። ቪትዝ እ.አ.አ በ1999 ገበያ ላይ የዋለች ስትሆን በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም ተሸጣለች፤ በ2020 በጃፓንም ስሟ ወደ ያሪስ ተለውጧል። አርኤስ የሚል ምልክት ያላት ዓይነት ባለ 1 ነጥብ 5 ሊትር ሞተር ናት፤ እ.አ.አ ከ2005 እስከ 2010 በተሠራችው ሁለተኛ ትውልድ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች። ስዊፍት ስፖርት በበኩሏ ቀደም ሲል ባለ 1 ነጥብ 6 ሊትር ሞተር ነበረች። እ.አ.አ በ2017 ግን ሞተሩ ወደ 1 ነጥብ 4 ሊትር ዝቅ ብሎ ተርቦ ተጨመረበትና 140 የፈረስ ጉልበት ላይ ደረሰች። ክብደቷም 970 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

በወረቀት ላይ ያለው ልዩነት ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ይምሰል እንጂ በደጋው አገር ልዩነቱ ከዚያ ይሰፋል። ምክንያቱ አየሩ ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ ደግሞ ሩቡ ይጎድላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ይብሳል። እንደ ቪትዝ አርኤስ ያለ፣ አየርን በራሱ ስበት ብቻ የሚያስገባ ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በ110 የፈረስ ጉልበት የተሸጠችው መኪና ደሴ ላይ የቀራት ከ80 ብዙም አይበልጥም። ተርቦ ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይተካል።

ይህ በቁጥር ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ አራት ሰው ጭኖ ሐረጎን ወደ ደሴ የሚወጣ አሽከርካሪ በየጥምዝምዙ ይሰማዋል። ቪትዝ አርኤስ ጉልበቷን የምታወጣው ሞተሩ በደቂቃ ከ4 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። ስለሆነም ዳገት ላይ ማርሽ ወደ ታች መመለስና ሞተሩን ማስጮህ ግድ ይላል። ስዊፍት ስፖርት መካኒኮች ቶርክ የሚሉትን የማዞር ኃይል፣ 230 ኒውተን ሜትር፣ ከ2 ሺህ 500 ዙር ጀምሮ ትሰጣለች፤ የቪትዟ 140 ገደማ ነው። ከባድ መኪና ከፊት እየተንፏቀቀ፣ ለማለፍ የሚበቃው ቀጥ ያለ ቦታ ደግሞ አጭር በሆነበት መንገድ ይህ ልዩነት የምቾት ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

ምርጫው በጉልበት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ስዊፍት ስፖርት በጃፓን የተመከረላት ቤንዚን ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ነው። በአገራችን ማደያዎች በአብዛኛው የሚቀዳው ግን አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው። አነስተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን በታመቀ አየር ውስጥ ከጊዜው ቀድሞ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ማንኳኳት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ዘመናዊ ሞተር ይህን በመሣሪያ ስለሚያውቀው የእሳቱን ጊዜ ያዘገያል፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ለተርቦ በሌለው ሞተር የደጋው ስስ አየር እዚህ ላይ እንኳ ያግዘዋል፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የማንኳኳት አደጋው ያንሳል። ለጉልበት የጎዳው ነገር ለነዳጅ ጠቀመው ማለት ነው።

ከዚህም በላይ የስዊፍቷ ሞተር ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚረጭ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ለቆሻሻ ትዕግሥት የለውም። ነዳጅ ጠፍቶ ወረፋው ሲረዝም በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛ፣ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን የቪትዟን ሞተር ቢያስነጥሰው የስዊፍቷን ከፍተኛ ወጪ ወደሚጠይቅ ጥገና ሊወስደው ይችላል። ተርቦውም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ጥራት ያለው የሞተር ዘይት፣ ጊዜውን የጠበቀ ቅያሬ፣ ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲዞር መተው ይፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው መንገዱ ነው። በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ የሚችል ገዢ መኪናዋ ለየትኛው መንገድ እንደተሠራች ሻጩን ሳይጠይቅ ያውቃል። የስዊፍት ስፖርት ጎማ 195/45 አር 17 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ የመጨረሻው የቸርኬው መጠን ነው። ሲሰላ የጎማው ጎን ቁመት 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የተራዋ ቪትዝ 165/70 አር 14 ጎማ ግን ከ11 ሴንቲ ሜትር በላይ ላስቲክና አየር በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያስቀምጣል። አስፋልቱ የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ በድንገት ሲገባ መጀመሪያ የሚጎብጠው ወይም የሚሰነጠቀው የቀጭኑ ጎማ ቸርኬ ነው። የስዊፍት ስፖርት ወለል ከመሬት ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባልተስተካከለ ፍጥነት መቀነሻ ላይ፣ በተነቀለ ኮብልስቶን ላይ፣ ክረምት በቦረቦረው የጠጠር መንገድ ላይ ሆዷ መሬት ይነካል። ቪትዝ አርኤስም ከተራዋ ቪትዝ ጠንከር ያለ ሞላና አሞርዛቶር አላት፤ ቢሆንም በዚህ ረገድ ከስዊፍቷ ትሻላለች። አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ለመጫን የሚያስብ አርሶ አደር ግን ሁለቱንም ቢተዋቸው ይሻላል።

መለዋወጫን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቪትዝ በየከተማው ስላለች ዕቃዋም መካኒኳም አይጠፋም፤ ስዊፍት ስፖርት እንደ እርሷ በብዛት የምትታይ አይደለችም። ተራዋ ስዊፍት ብትኖርም ተርቦው፣ ነዳጅ መርጫውና ባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ ከእርሷ የሚወሰዱ አይደሉም።

ሁለቱንም መኪኖች የሚመለከት አንድ ጉዳይ ግን ከዋጋ ድርድር በፊት መታየት አለበት። በጃፓን ገበያ የተሸጡ መኪኖች መሪያቸው በስተቀኝ ነው። በኢትዮጵያ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል ስለሆነ ብዙ ቪትዞች መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው ሥራ ላይ የዋሉት። የዝውውሩ ሥራ ጥራት ከመኪና መኪና ይለያያል። ዳሽቦርዱ የተቆረጠበትና የተበየደበት ቦታ፣ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ፣ የፍሬኑ አቀማመጥ በታመነ ጋራዥ ሊመረመሩ ይገባል። የፊት መብራቱም ይታይ። በግራ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ጨረሩን ወደ ግራው ጠርዝ ከፍ ያደርጋል፤ እዚህ ግን በግራ በኩል ያለው የመንገዱ ጠርዝ ሳይሆን ከፊት የሚመጣው አሽከርካሪ ነው። ማታ ማታ በትናንሽ መኪኖች መብራት ዓይናቸው የሚታወር ሰዎች ምሬት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኤርባጉም እንዲሁ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው ማቀጣጠያ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ በሚፈነዳበት ጊዜ የብረት ስብርባሪ በተሳፋሪው ላይ እንደሚረጭ በመታወቁ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለቅያሬ ተጠርተዋል። የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝና ያሪስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከአገር አገር የተዘዋወረች መኪና ቅያሬው ሳይደረግላት ቀርታ ሊሆን ስለሚችል፣ የሻንሲ ቁጥሯን በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም በወኪሉ በኩል ማጣራት ይገባል።

እንግዲህ ውሎው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ፣ አልፎ አልፎም ወደ ገጠር ለሆነ ሰው ከሁለቱ ቪትዝ አርኤስ ትመረጣለች። እውነቱ ከተነገረ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ባለ 1 ነጥብ 3 ሊትሯ ተራ ቪትዝ በቂ ናት፤ አርኤስ የሚለው ምልክት የሚያስጨምረው ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ቢውል ይሻላል። ስዊፍት ስፖርት የምትገባው በየቀኑ በጥሩ አስፋልት ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለስ፣ የሚታመን ማደያና ተርቦ የሚያውቅ መካኒክ በቅርቡ ላለው ሰው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን መልሶ ለሚወጣ ሰው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላት መኪና፣ ስዊፍትም ትሁን ቪትዝ፣ ቁልቁለቱን በሞተር ይዛ ፍሬኗን ከመጋል ታድናለች። ብዙ የቪትዝ አርኤሶች የያዙት ሲቪቲ የተባለው አውቶማቲክ ካምቢዮም ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ከተደረገ ይይዛል፤ ብዙ ሰው ግን እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ ነው የሚወርደው።

አርኤስ የሚለው ጽሑፍ በቀላሉ የሚለጠፍ ነገር ስለሆነ ገዢው ከሊብሬው ይጀምር። የእውነተኛዋ የሁለተኛ ትውልድ ቪትዝ አርኤስ ሻንሲ ኤንሲፒ 91 ብሎ ይጀምራል፤ የሞተሩም መጠን ወደ 1 ሺህ 500 ሲሲ ነው። ኤስሲፒ 90 ከሆነ ባለ 1 ነጥብ 3፣ ኬኤስፒ 90 ከሆነ ባለ 1 ሊትር ናት። ባለ ተርቦዋ ስዊፍት ስፖርት የጃፓን ገበያ ከሆነች ዜድሲ 33 ኤስ ይላል፤ ሞተሯ ወደ 1 ሺህ 400 ሲሲ ነው። በሊብሬው፣ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተመሳክረው ከተገኙ በኋላ መኪናዋ ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ተነሥታ፣ ሰው ሞልታ፣ በከተማው ካለው ዳገት ሁሉ በከፋው ላይ ትሞከር።