ከእናት ጓዳ የሚነሣ በዓል

መስከረም ሲጠባ በዳንግላና በእንጅባራ የጓዳው ሥራ እንዴት እንደሚበዛ፣ እናቶች ሆይ፣ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በጎንደር ዙሪያ በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል እናቶችም በዚሁ ወራት ፋታ አልነበራቸውም። ፈላሻ የሚለውን ስም ራሳቸው አይወዱትምና እኛም አንጠራቸውም።

የሰባተኛው ወራቸው መባቻ ብርሃን ሠረቀ ነው። በ10ኛው ቀን ከማታ እስከ ማታ የሚጾመው አስተስርዮ ይውላል፤ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ በዓለ መጸለት ሰባት ቀን ይከበራል። እነዚህን በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድም ያውቋቸዋል። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው ስግድ ግን ከዚህ ከአገራችን የወጣ ነው።

ለስግድ ልብስ አስቀድሞ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ዳቦው ይጋገራል። በበዓሉ ጧት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ የንስሐ ምልክት የሆነውን ድንጋይ ተሸክሞ ከቄሶቹ ጋር ተራራ ይወጣል። በዚያም ኦሪት ይነበባል፤ ኢየሩሳሌምን ለማየት ይጸለያል። ከቀትር በኋላ በእልልታ ተወርዶ ቄሱ የባረከው ዳቦ ይቆረሳል። ጾሙን የሚያስፈታው እንግዲህ የእናት እጅ ነው።

ነገር ግን ያችው እናት ከበዓሉ የምትቀርበት ጊዜ ነበር። በወር አበባዋ ሰሞን ከመንደሩ ዳር በመርገም ጎጆ ትቀመጣለች፤ ወንድ ብትወልድ 40፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆያለች። ከእንጨት ለቀማና ከወፍጮ የምታርፍበት ነው የሚሉ አሉ። እውነትነት አያጣም። ሆኖም ጎረቤት ሁሉ ዳቦ ይዞ ሲሄድ አራስ ልጅ ታቅፎ ከሩቅ እልልታ መስማት፣ ዕረፍት ብቻ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዘ፤ በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ስግድን የእስራኤል ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. የአገር በዓል ብሎ በሕግ ደነገገው። ዛሬ ተራራው በጎንደር ሳይሆን በኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ነው።

የቄሶቹ ጸሎት በግዕዝ ቢሆንም በመካከሉ የአገውኛ ቃላት አሉበት። ያ አገውኛ የቋራው ነው፤ እናንተ በአዊ ከምትናገሩት ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ። እዚያ የተወለዱት ልጆች አፋቸውን የፈቱት በዕብራይስጥ ስለሆነ፣ ትርጉሙን የሚጠይቁት አያቶቻቸውን ነው።

ሁሉም ግን አልሄደም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ጉዞ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ስግድን እዚሁ ያከብራሉ። ከመካከላቸው ልጇ ቀድሟት የሄደ እናት አለች፤ እርሷ በጎንደር ዳቦዋን ስትቆርስ ልጇ በኢየሩሳሌም በዚያው ዕለት ጾሙን ይፈታል።