የዓርብ ልምምድ፦ መምህር የገዛ ክፍሉን ሲመረምር

እ.ኤ.አ. በ2023 በኳታር በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር የማክላረን ቡድን ሠራተኞች የላንዶ ኖሪስን መኪና አራት ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይረው ለቀቁት። የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ተመልካች የሚያጨበጭበው እንዲህ ላለው ቅጽበት ነው፤ ዓርብ ዕለት ለሚሆነው የሚያጨበጭብ ግን እምብዛም ነው። በተለመደው የውድድር ሳምንት ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ አንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ አለ፤ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ነጥብም ዋንጫም የለበትም። አሽከርካሪው ጥቂት ዙር ነድቶ ይመለስና መኪናው ኩርባ ላይ ምን እንዳስቸገረው ይናገራል። መሐንዲሶቹ መኪናው ላይ ከተተከሉት 300 የሚጠጉ ሴንሰሮች የመጣውን መረጃ ከቃሉ ጋር ያመሳክራሉ። ከዚያ አንድ ነገር ይነካሉ፤ የኋላውን ክንፍ ትንሽ ቀና ያደርጋሉ ወይም የጎማውን ንፋስ ይቀንሳሉ። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጡ መኪናው ቢፈጥን እንኳ ያፈጠነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አንዱን ለውጠው መልሰው ይልኩታል።

ከመኪና ውድድር መማር ለሌላ ሙያም አዲስ አይደለም። የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ከልብ ቀዶ ሕክምና የወጣን ሕፃን ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስረክቡበትን መንገድ ከፌራሪ ቡድን ጋር ተማክረው አስተካክለዋል፤ በ2007 የታተመው ጥናትም በርክክቡ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት መቀነሱን አሳይቷል። እነሱ የወሰዱት የጎማ ቅየራውን ሥርዓት ነው። ለመምህር የሚበጀው ግን ዓርቡ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን «ተግባራዊ ምርምር» የምንለው ሥራ ውስጡ ሲታይ ይኸው ነውና፤ መንዳት፣ መለካት፣ አንድ ነገር መለወጥ፣ ደግሞ መንዳት።

የተግባራዊ ምርምር ስም ከኩርት ሌዊን ጋር ይነሣል። በ1933 ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ይህ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ ሥራውን እያቀዱ፣ እየሠሩና ውጤቱን እየመረመሩ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጡት አድርጎ ገለጸው። በትምህርት ቤት ሥር እንዲሰድ ካደረጉት አንዱ እንግሊዛዊው ሎረንስ ስቴንሃውስ ነው፤ በ1975 ባወጣው መጽሐፍ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ባልደረባው ጆን ኤሊየት ደግሞ በ1970ዎቹ የፎርድ የማስተማር ፕሮጀክትን መራ። ገንዘቡ የመጣው ከፎርድ ፋውንዴሽን፣ ማለትም በመኪና ከከበረ ቤተሰብ ነበር፤ ግጥምጥሞሹን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። በዚያ ፕሮጀክት አንድ ትምህርት በሦስት ዐይን ይታይ ነበር፤ በመምህሩ፣ በተማሪዎቹና ከውጭ በመጣ ታዛቢ። አሽከርካሪው ብቻውን የነገረውን አምኖ ክንፍ የሚያቀና መሐንዲስ እንደሌለ ሁሉ፣ «ዛሬ ትምህርቱ ገብቷቸዋል» የሚለው የመምህሩ ስሜትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እስቲ በአንድ ጉዳይ እንየው። መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ምን ያህል ይታገሣል? አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው የክፍል ቅጂዎችን አሰባስባ ስትለካ፣ መምህራን በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ቆይተው ሌላ ተማሪ እንደሚጠሩ ወይም ራሳቸው እንደሚመልሱ አገኘች። ዝምታውን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያስረዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉት ቀነሱ፤ ደካማ ተብለው የተመደቡትም መናገር ጀመሩ።

አሁን የ7ኛ ክፍል ሳይንስ የምታስተምር አንዲት መምህርት ይህ በእኔ ክፍል ይሠራ ይሆን ብላ ተነሣች እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትለውጥም። ለተማሪዎቿ ነግራ ትምህርቷን በስልኳ ትቀዳለች፤ ማታ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ያለውን ዝምታ በሰዓት ትለካለች፣ ማን እንደመለሰም ትጽፋለች። በሁለተኛው ሳምንት በልቧ ሦስት እስክትቆጥር ትጠብቃለች። በዚያው ሳምንት ቡድን አታዋቅርም፣ አቀማመጥ አትለውጥም፣ ሽልማትም አትጨምርም። ከዚያ የሁለቱን ሳምንት ውጤት ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። ለውጥ ካልታየም እሱ ራሱ ግኝት ነው፤ ምናልባት ችግሩ የጥበቃው ሳይሆን የጥያቄው ነው፤ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ሦስት ሰከንድ ቢሰጡትም ያው ነው።

«ፖርሽን አይደርስልኝም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 20 ጥያቄ ብትጠይቅና በእያንዳንዱ ላይ 2 ሰከንድ ብትጨምር የሚሄደው 40 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ከውድድሩ ጋር ያለው ዝምድና ይገለበጣል፤ ጎማ ቀያሪው ሰከንድ ሲቀንስ መምህሯ ሰከንድ ትጨምራለች። ሁለቱም ግን ለክተው ነው።

የማይታየውን ማሳየትም ሌላው ትምህርት ነው። በሙከራ ቀን የመኪናውን አካል በደማቅ ቀጭን ቀለም ቀብተው ይለቁታል፤ መኪናው ሲሮጥ ንፋሱ ቀለሙን እየጎተተ የሄደበትን መሥመር ይጽፋል። ለክፍል የሚሆነው «ቀለም» የተማሪዎች አቀማመጥ ንድፍና እርሳስ ናቸው። ኋላ የተቀመጠ ባልደረባ መምህሩ ተማሪ በጠራ ቁጥር በልጁ ቦታ ላይ ነጥብ ያደርጋል። አዳምስና ቢድል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 ባወጡት ሥራ የክፍሉ ንግግር በፊት ረድፍና በመሐል መሥመር በተቀመጡ ተማሪዎች ላይ ተከማችቶ አግኝተውታል። በተጨናነቀ ክፍል እንዲህ ያለው ወረቀት መምህሩን ያስደነግጣል፤ ሁሉን አሳትፋለሁ ሲል የኖረ ሰው የኋላው ጥግ ባዶ ሆኖ ያየዋል።

ይህ ዓይነቱ ምርምር ወሰን አለው። ለሞንዛ ረጃጅም ቀጥታ መንገድ የተዘጋጀ ቀጭን ክንፍ በሞናኮ ጠባብ ኩርባዎች ዋጋ የለውም፤ ቡድኑ ለየመንገዱ እንደገና ያስተካክላል። አንድ መምህር በራሱ ክፍል ያገኘውም ለጎረቤት ትምህርት ቤት መነሻ ይሆናል እንጂ ሕግ አይሆንም። ደግሞም ያልሠራ ጎማ ይጣላል፤ የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን ያመለጠውን ምዕራፍ የሚያስተምረው ላያገኝ ይችላል። ሙከራው እየጎዳ መሆኑ ከታየ ሁለት ሳምንቱ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ እዚያው ይቆማል።

በኢትዮጵያ ተግባራዊ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወደ ማሠልጠኛዎቹ ገባ። እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍም መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውል ሲደነግግ፣ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ የሚል ዙር አስቀመጠ። ዙሩ በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። «ተማሪዎች የቤት ሥራ የማይሠሩበት ምክንያት» የሚል ርእስ ይወጣል፤ መጠይቅ ይበተናል፤ መቶኛ ይሰላል፤ «ወላጆች ክትትል ቢያደርጉ» የሚል አስተያየት ይጻፍና ተጠርዞ ለርእሰ መምህሩ ይሰጣል። የደረጃ እድገት ፋይል ያሟላ ይሆናል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ይህ በእኔ ግምት የዳሰሳ ጥናት እንጂ ተግባራዊ ምርምር አይደለም፤ መኪናው ተለክቶ ወደ መንገዱ አልተመለሰም።

መምህር ከሆኑ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ክፍልና አንድ ጥያቄ ይምረጡ፤ መጠይቁን ይተዉትና የጥያቄዎን ዝምታ ወይም የጠሯቸውን ልጆች ይቁጠሩ። ርእሰ መምህር ከሆኑ ደግሞ ከ60ው ሰዓት የተወሰነውን ከስብሰባ ያውጡና መምህራን እርሳስ ይዘው አንዱ በሌላው ክፍል ኋላ እንዲቀመጡ ይፍቀዱ።